ረኃብ ብቻውን አይሾምም

«የተራበ ሕዝብ ምረጥ ቢሉት፥ እንጀራ ላሳየው ሁሉ ነጻነቱን ይሸጣል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ለዚህም ነገራቸው ምስክር አድርገው የሚጠሩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. በጀርመን የተደረገውን ምርጫ ነው። ሕዝቡ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየ በሬ ሆነ ይላሉ። ይህ አነጋገር ለጆሮ ይጥማል፤ ቁጥሩን ለሚመረምር ሰው ግን አይጸናም።

እርግጥ ነው፥ ችግሩ ጽኑ ነበር። በዚያ ዓመት መግቢያ ሥራ ፈት ሆኖ የተመዘገበው ጀርመናዊ 6 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ቻንስለሩ ብሩኒንግም ደመወዝ እየቀነሰና ግብር እየጨመረ፥ ምክር ቤቱን ወደ ጎን ትቶ በፕሬዚዳንቱ ድንጋጌ ያስተዳድር ነበር። በ1928 ዓ.ም. 12 መቀመጫ ብቻ የነበረው የሂትለር ፓርቲ፥ ጁላይ 31 ቀን 1932 ዓ.ም. ከመቶ 37 ድምፅና 230 መቀመጫ አገኘ። ረኃብ እንዳሳደገው አንክድም።

ዳሩ ግን ኖቬምበር 6 ቀን፥ ሥራ ፈቱ ገና በሚሊዮን ሲቈጠር፥ ያው ሕዝብ እንደገና ቢጠየቅ፥ የፓርቲው ድምፅ በ2 ሚሊዮን ያህል ቀንሶ መቀመጫው 196 ሆነ። ረኃቡ ሳይወጣ ሕዝቡ መመለስ ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ታዲያ በሩን የከፈተው ማን ነው? ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ሂትለርን ቻንስለር አድርጎ የሾመው ፕሬዚዳንት ሂንደንበርግ ነው፤ የመከሩትም ሰውየውን በካቢኔ ውስጥ ይዘን እንገዛዋለን ብለው የተመኩት ፎን ፓፐንና ባልደረቦቹ ናቸው። በማርች 23 ቀንም ምክር ቤቱ ሥልጣኑን በ444 ድምፅ አሳልፎ ሲሰጥ፥ እምቢ ያሉት 94 ሶሻል ዴሞክራቶች ብቻ ነበሩ።

በዚያው ሳምንት፥ ኖቬምበር 8 ቀን 1932 ዓ.ም.፥ ከሠራተኛው ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋው ሥራ ያጣበት የአሜሪካ ሕዝብ ደግሞ ከ48ቱ ግዛቶች በ42ቱ ሩዝቬልትን መረጠ። የተሸነፈው ሁቨር ሥልጣኑን በሕግ አስረከበ፤ ሕገ መንግሥቱም በቦታው ቆየ። ረኃቡ በሁለቱም አገር ነበረ፤ ልዩነቱ ሕጉን በያዙት እጆች ላይ ነው።

እንግዲህ ጥፋቱን ሁሉ በድኻው ሆድ ላይ የሚጭን መምህር፥ ተማሪውን የሚያስተምረው ሕግ ጠባቂው ከበደል ንጹሕ ነው ብሎ ነው። ሹሙም ይህን ትምህርት ቢወደው አይደንቅም፤ ነገር ግን በሕዝቡ ረኃብ ከማመካኘቱ በፊት፥ የተረከበውን ቁልፍ ለማን እንደሰጠ ይጠየቅ።