ዋላን ሳያዩ ዋላን መተርጐም

አበው «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። ይህ ቃል መጽሐፉን ይዞ ከአገሩ ለወጣ ደቀ መዝሙርም የተነገረ ይመስላል። ከኢትዮጵያ ወደ ኢየሩሳሌም ለትምህርት የሚመጣ ወጣት ዳዊትን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቃሉ ያውቃል፤ በዳዊት ከተጠሩት አራዊት ግን ብዙዎቹን በዓይኑ አላያቸውም። አለማየቱ ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው ስሙን ያወቀ ሰው እንስሳውንም ያወቀ መስሎት ሌላውን ሲያስተምር ነው።

በአንድ የፋሲካ ሰሞን ከቅኔ ቤት የመጣ ደቀ መዝሙር ተሳላሚዎችን ተከትሎ ወደ ዓይንጋዲ ወረደ። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን፣ የሙት ባሕር ዳርቻ ከባሕር ወለል በታች ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነውና፣ መንገዱ በጥቂት ጊዜ ከደጋ ወደ በረሃ ያወርዳል። ከምንጩ በላይ ባለው ገደል ቀንዳቸው እንደ ማጭድ ወደ ኋላ የታጠፈ እንስሳት ቆመው ታዩ። ከተሳላሚዎቹ አንዱ «ዋልያ ነው» አለ፤ ሌላው «የበረሃ ፍየል ነው» አለ፤ አንድ ጐረምሳም ሊያስነሣቸው ድንጋይ አነሣ። አንዲት አሮጊት «አባ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩን» ብለው ደቀ መዝሙሩን ጠየቁት። እርሱም ሳያመነታ «ዳዊት በመዝሙሩ የጠራው ውኃ የተጠማው ዋላ ይህ ነው» ብሎ ምሥጢሩን አስፍቶ ነገራቸው። ተሳላሚዎቹም ቃሉን አምነው፣ ደስ ብሏቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ይኸው ደቀ መዝሙር በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠሩ አራዊት ወደሚጠበቁበት የኢየሩሳሌም የአራዊት ስፍራ ሄደ። በዚያም በጀርባው ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወጥቶ ጫፉ እንደ መዳፍ የሰፋ እንስሳ አየ። ቢጠይቅ የዋላ ወገን እንደ ሆነ ነገሩት። ያን ጊዜ በዓይንጋዲ ያስተማረው ስሕተት እንደ ነበረ ዐወቀ፤ ነገር ግን ሰሚዎቹ ሄደዋልና ቃሉን የሚያርምበት መንገድ አልነበረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዕብራይስጡ መዝሙር ሁለቱን እንስሳት በስም ይለያቸዋል፤ በመዝሙር 41 ውኃ የተጠማውን «አያል»፣ በመዝሙር 103 በተራራ የሚኖረውን «ያዔል» ይለዋል። የግሪኩ ትርጉም ግን ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራል፤ ከግሪክ የተተረጐመው የግእዙ ዳዊትም ሁለቱን «ሀየል» ይላል። የቀደሙት ተርጓሚዎች በዚህ አይነቀፉም፤ የዋላ ወገን በኢትዮጵያ ምድር በተፈጥሮ አይገኝምና። የዓይንጋዲው ያዔል ግን በስሜን ተራሮች ብቻ ለሚኖረው ለዋልያ የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ ፊደል ያልቈጠረው ተሳላሚ ዓይኑን አምኖ ወደ እውነቱ ሲቀርብ፣ የተማረው ቃሉን ብቻ አምኖ ራቀ።

አንዳንዶች «መነኵሴ ዓይኑን ከምድር አያንሣ፤ አራዊትን መመልከት የዓለማውያን ጨዋታ ነው» ይላሉ። ዓይንን ከከንቱ ነገር መጠበቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን የትርጓሜ ሥርዓት ራሱ ነጠላው ሳይታወቅ ወደ ምሥጢር መውጣትን አይፈቅድም። የያዔል ቀንድ ከእርሱ ጋር ኖሮ ከእርሱ ጋር ይሞታል፤ የዋላ ቀንድ ግን በየዓመቱ ወድቆ እንደ ገና ይበቅላል። ይህን በዓይኑ ያየ መምህር ስለ ንስሓና ስለ መታደስ ለሕዝቡ የሚናገረው ሕያው ምሳሌ አገኘ ማለት ነው። ያላየው ግን ሁለቱን ቀንዶች አንድ አድርጎ ያስተምራል።

ማየትም ዘወትር የሚገኝ ነገር አይደለም። ያ ነጠብጣብ ያለበት ዋላ ከአደን ብዛት የተነሣ ከቅድስት አገር ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. 4 ዋላዎች ከኢራን በአውሮፕላን መጡ፤ ተዋልደው በዙና በ1996 ዓ.ም. በገሊላ፣ ኋላም በኢየሩሳሌም አቅራቢያ ባሉ ተራሮች ወደ ዱር ተለቀቁ። ከዚያ በፊት የነበረ ደቀ መዝሙር በዚያ ዱር ሊያየው የማይችለውን የዛሬው ያያል። እንግዲህ ያ ጐረምሳ ያነሣው ድንጋይ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዋላን ከምድሪቱ ያጠፋው ይኸው የሰው እጅ ነውና።

ስለዚህ መዝሙር 41ና 103 ከመተርጐማቸው በፊት ደቀ መዛሙርት አንድ ቀን ወደ ገደሉና ወደ ዱሩ ቢወሰዱ የሚባክን ቀን አይሆንም። እንግዳ እንስሳ ያየ ሁሉ ድንጋይ ከማንሣቱ፣ የአገሩንም ስም ከመለጠፉ በፊት ዝም ብሎ ይመልከት፤ የአገሩን ሰው ይጠይቅ፤ በግእዝ፣ በአማርኛ፣ በዓረብኛና በዕብራይስጥ ምን እንደሚባል ይጻፍ። ያላወቀውንም «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግራችኋለሁ» ማለትን ይልመድ። ያቺ አሮጊት ይህን መልስ ሰምተው ቢሄዱ ኖሮ ምንም ባልጐደለባቸው ነበር።

አዳም ለአራዊት ስም ያወጣው አስቀድሞ ወደ እርሱ ቀርበው ካያቸው በኋላ ነው። የአዳም ልጅም ሥርዓቱ ይኸው ይሁን፤ አስቀድሞ ይይ፤ ከዚያ በኋላ ይናገር።