ቅኔ መዝረፍና ድምፅ መዝረፍ

በጎጃም ቅኔ ቤቶች አዲስ ቅኔ ማውጣት «መዝረፍ» ይባላል። ይህ ዘረፋ ማንንም የማያደኸይ፥ ከገዛ አእምሮ የሚገኝ ምርኮ ነው። ዛሬ ግን በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ሌላ ዘረፋ ተለምዷል፤ ይኸውም አዝማሪ ሲጫወት፥ ድምፃዊም በመድረክ ሲያዜም፥ ድምፁን ሳያስፈቅዱ በእጅ ስልክ ቀርጾ መለዋወጥና መሸጥ ነው።

በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ካሣሁን፥ በተለመደ ስሙ ቴዲ አፍሮ፥ በባሕር ዳር ስታዲየም ዘፍኗል። እንዲህ ባለው ጉባኤ የተገኘ ወዳጅ፥ የወደደውን ዜማ ለትዝታ ቢይዝ ልባችን አይፈርድበትም። የምንነቅፈው ያንኑ ትዝታ ገበያ የሚያወጣውን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የከዋኙን ፈቃድ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነጋዴዎቹ ግን «እኛ ባንቀርጸው ጠፍቶ ይቀር ነበር» ይላሉ። እውነት ነው፤ የተቀረጸ ድምፅ ከሞት በኋላ ይናገራል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ ስላስቀረጹ እስከ ዛሬ ይሰማሉ። ነገር ግን እርሳቸው ፈቅደው ዘፈኑ፤ ሸክላውም የማን ድምፅ እንደ ሆነ ይታወቃል። ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወረው የአዝማሪ ዜማ ግን ስሙም፥ ቀኑም፥ ቦታውም የለም። እንዲህ ያለው ጠባቂነት መቃብሩን ቆፍሮ የመቃብሩን ምልክት እንደ መንቀል ነው።

አዝማሪ የሚኖረው በሽልማት መሆኑን አንባቢ ያውቃል። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ እርሱም በማሲንቆው እያጀበ ያወርደዋል። ያ ቃል የተነገረው በዚያ ማዕድ ለተቀመጡት ነው። ተቆርጦ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሲደርስ፥ ወርቁ እዚያው ቀርቶ ሰሙ ብቻ ይሄዳል፤ ቀልዱም ስድብ ይሆናል። ሻጩ ገንዘቡን ይቀበላል፥ ነቀፌታውን ግን አዝማሪው ይሸከማል።

በቅኔ ቤት አንድ ተማሪ የሰማውን መልካም ቅኔ በቃሉ ይዞ ወደ ሌላ ጉባኤ ይወስዳል፤ «የእገሌ ቅኔ ነው» ሳይል ግን አይናገርም። ወረቀት እንኳ በማይገኝበት ጊዜ ስም የጠበቀ ሕዝብ፥ በኪሱ ይህን ያህል መሣሪያ ይዞ ስም ቢያጠፋ ምን ይመልሳል?

ስለዚህ የሚቀርጽ ሰው አስቀድሞ ያስፈቅድ፤ ስምና ቀን ይጻፍ፤ የሸጠም ከዋጋው ለባለ ድምፁ ያካፍል። እኛም ስም የሌለውን ድምፅ አንግዛ፤ ገዢ ሳይኖር ሌባ ገበያ አይቆምምና። ቅኔ ዘራፊው ጉባኤውን አበልጽጎ ይወጣል፤ ድምፅ ዘራፊው ግን የሚወደውን አዝማሪ አራቁቶ ይወጣል።