ደሙ ሳይታጠብ

ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ ማዕከላዊ የሚባለው ግቢ አለ። በ2010 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ የአዲስ አበባ ሰው «የወንጀል ምርመራ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ይኸው ግቢ ነበር። ተጠርጣሪው ይገባል፣ ይጠየቃል፣ እስኪያምን ድረስ ይያዛል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት የለውም ቢልም፣ የመርማሪው ዓይን ከተጠርጣሪው አፍ አልተነሣም።

ሕጉ ግን ሌላ በር ከከፈተ ቆይቷል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 34 መርማሪ ፖሊስ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ተከሳሹን በሐኪም ማስመርመር እንደሚችል ይደነግጋል፤ የደም ምርመራንም በስሙ ይጠቅሳል። እንግሊዛዊው አሌክ ጄፍሪስ ደሙ የማን እንደሆነ ለመለየት የሚያስችለውን የዲኤንኤ አሻራ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። አንቀጹ ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞታል ማለት ነው!

እርግጥ ደም ተገኘ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። ብዙ አባወራ በአንድ የውኃ ቧንቧ በሚጠቀምበት የአራዳ አሮጌ ግቢ ውስጥ በፋሲካ ማግሥት ሲሚንቶው ላይ የበግ ደም፣ ደጃፉ ላይ የዶሮ ደም አይጠፋም። ስለዚህ ቀዳሚው ጥያቄ «የሰው ነው ወይስ የበግ?» የሚል ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኡለንሁት እ.ኤ.አ. በ1901 መልስ ያገኘለት ለዚሁ ነው። በሩገን ደሴት ሁለት ወንድማማች ሕፃናትን ገድሏል ተብሎ የተያዘው አናጢ ሉድቪግ ቴስኖቭ ልብሱ ላይ ያለው የእንጨት ቀለም ነው ብሎ ድርቅ አለ። የኡለንሁት ምርመራ ግን የሰውም የበግም ደም እንዳለበት ለይቶ አወጣ። በጎችንም አርዶ ጥሏል ተብሎ ይጠረጠር ነበርና፣ አንዱ ልብስ ሁለቱንም ጉድ ይዞ ተገኘ።

ዛሬ ላይ ታጥቦ የጠፋ የሚመስለውን ደም ሉሚኖል የተባለው ኬሚካል በጨለማ ሰማያዊ አድርጎ ያበራዋል። ግን በረኪናና ዝገትም ያሳስቱታል፤ ብርሃን ስለታየ ብቻ ሰው አይከሰስም።

አብዛኛው ነገር የሚበላሸው ላቦራቶሪ ሳይደረስ ነው። ደም ሲፈስ ጎረቤት ባልዲ ውኃ ይዞ ይወጣል፣ ወይም አፈር ያለብሰዋል። ክፋት የለበትም፤ የፈሰሰ ደም እያዩ መዋል ይከብዳል። ፖሊስ ሲደርስ ግቢው በሰው ተጥለቅልቋል። የተረፈው ናሙና ደግሞ እርጥቡን በፌስታል ከታሰረ ይበሰብሳል። መጀመሪያ ጥላ ላይ መድረቅ፣ ከዚያ በወረቀት ፖስታ መግባት አለበት። ማን አነሣው፣ በስንት ሰዓት፣ ለማን አስረከበ የሚለውም እዚያው ይጻፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ ፖስታ፣ እስክሪብቶና ግቢውን ቶሎ የሚዘጋ ፖሊስ ነው።

ዳኞችም የሚጠይቁት አላቸው። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አራዳ ምድብ ችሎት ደጃፍ የረገጠ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ መርማሪው «ቀሪ ማስረጃ አለኝ» ይላል፣ ተጠርጣሪውን አስሮ ለማቆየት 14 ቀን ይጠይቃል። ደም ግን 14 ቀን አይጠብቅም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካልተሰበሰበ ተጠርጣሪው ታስሮ ቢከርም አይመለስም። ተሰብስቦ ከሆነ ደግሞ ውጤቱ ሰውየው ጣቢያ ቢያድርም ቤቱ ቢያድርም ያው ነው። ስለዚህ ዳኛው ቀኑን ከመፍቀዱ በፊት ናሙናው መቼ እንደተነሣና አሁን በማን እጅ እንዳለ የሚያሳየውን ወረቀት አምጣ ማለት ይገባዋል፤ ወረቀቱ ከሌለ ቀኑም ይቅር።