መምህራኖቻችን ሆይ፣ በርቱ!



ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ የአሽቀሎን ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ መምህራን ልጆቻችንን ከየቤታቸው ሆነው በኮምፒዩተርና በስልክ አስተምረዋል። ሳይረኑ ሲጮህ እነሱም የራሳቸውን ልጆች ይዘው ወደ ሚቅላት ይሮጡ ነበር። በጁን 2025 ከኢራን ጋር በተደረገው ጦርነትም ትምህርት ቤት እንደገና ተዘጋ።

በ1991 በሰለሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ሲገቡም፣ አማርኛ የማያውቅ መምህር ዕብራይስጥ የማያውቅ ልጅ ተቀብሎ በምልክትና በትዕግሥት ፊደል አስቆጥሯል።

መምህራን ሆይ፣ ያመለጠው ትምህርት ሁሉ ቶሎ ባይካካስ አትጨነቁ፤ የደነገጠ ልጅ አስቀድሞ የሚፈልገው የለመደውን የመምህሩን ድምፅ ነው።

እኛም ወላጆች በስብሰባው እንገኝ። ልጃችን ሌሊት እየባነነ የሚነሳ ከሆነ ለመምህሩ እንንገር። ዕብራይስጣችን ቢሰባበርም «ቶዳ» ማለት አያቅተንም።

በርቱ፤ ከጎናችሁ ነን!