ጎተራውና ሥዕሉ

«ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ለደጋው ጎጃም ባዕድ ነው» የሚለው አነጋገር ሲደጋገም ከመኖሩ የተነሣ እንደ እውነት መቆጠር ጀምሯል። ይህን የሚሉት ወይ ስለ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ፥ ወይ ስለ ጎጃም፥ አለዚያም ስለ ሁለቱም በቅጡ ያላሰቡ ናቸው።

በኬፕ ታውን ወደብ እ.ኤ.አ. በ1924 ሥራ የጀመረ የእህል ጎተራ ነበር፤ 42 የኮንክሪት ቱቦዎች ጎን ለጎን የቆሙበት፥ ቁመቱ 57 ሜትር የሚደርስ ሕንፃ። የእህሉ ንግድ ሲተወው ባዶውን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን የአፍሪካውያን የዘመኑ ሥራዎች የሚታዩበት ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። እንግሊዛዊው ንድፍ አውጪ ቶማስ ሄዘርዊክ ከቱቦዎቹ መካከል ፈልፍሎ ያወጣው አዳራሽ የበቆሎ ፍሬ ቅርጽ አለው። ጎብኚው ገብቶ ቀና ሲል ራሱን በእህል ፍሬ ሆድ ውስጥ ያገኘዋል። ጤፍና ስንዴ ሲያጭድ ያደገ ሰው ይህን እንዴት ባዕድ ይለዋል? (ሙዚየሙ የሚጠራው ስብስቡን ባዋሰው በጀርመናዊው ባለሀብት በዛይትስ ስም መሆኑ ግን ሳይታለፍ መነገር አለበት።)

ሌሎች ደግሞ ወደ ተቃራኒው ገደል ይሮጣሉ። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1981 የተዘጋውን የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ በ2000 ቴት ሞደርን አድርጋ ስለ ከፈተች፥ ጭስ ማውጫ ያለው ሕንፃ እስኪገኝ ድረስ ሙዚየም አይታሰብም ይላሉ። ለንደን ያን ሕንፃ ያገኘችው ኢንዱስትሪዋ አርጅቶ ነው። ጎጃም ግን ገና ፋብሪካ የተራበ አገር ነው። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ እ.ኤ.አ. በ1961 በባሕር ዳር የተቋቋመውን ዓይነት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባዶነት መመኘት የሠራተኛውን እንጀራ መርሳት ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። በዲማ፥ በዋሸራ፥ በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ የተቀመጠ ተማሪ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ቢያቀርብ ያፍራል፤ የሌላውንማ ማቅረብ ነውር ነው። አዲስ መቁጠር ግዴታው ነው። አድማጩም ቢሆን ነገሩ በቀጥታ ካልተነገረኝ ብሎ አያኰርፍም፤ ኅብሩን፥ ውስጠ ወይራውን እያገላበጠ ይፈታል። በአንድ ረቂቅ ሥዕል ፊት ቆሞ «ይህ ምን ማለት ይሆን?» ብሎ መመራመር እንግዲህ ለዚህ ሕዝብ ምኑ አዲስ ነው?

የጎደለው የሚታየው ሥራ ነው። የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥዕሎች ለተማሪዎቹ ለማሳየት የሚሻ የደብረ ማርቆስ መምህር የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፥ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፥ በሠዓሊው ስም እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደ ተከፈተው ሙዚየም መድረስ ይኖርበታል። ተሰጥዎ ያለው ወጣትም አለ ፈለገ ሰላም ወደ መሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ የሚመለስበት ምክንያት ግን አይዘጋጅለትም። ጤፉም የሚጫነው በዚሁ መንገድ ነው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ አገልግሎት ያቆመ መጋዘን፥ ግድግዳውን ነጭ የሚያደርግ ኖራ፥ በቂ ብርሃን፥ እንዲሁም ከአዲስ አበባው ስብስብ በየጊዜው በውሰት የሚላኩ ጥቂት ሥራዎች ናቸው። ቁልፉ በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ከሚከርም በሥዕል መምህሩ እጅ ይሁን። ያን ጊዜ በገበያ ቀን ደጁ ተከፍቶ ያየ ገበሬ አህያውን አስሮ ይገባል።