ከሐኪሙ ጀርባ የሚቆም ድርጅት

የሕዝብ ጤና በታላላቅ ሆስፒታሎች ብቻ እንደማይጠበቅ የታወቀ ነው። ሕመምተኛው አስቀድሞ የሚደርሰው በሠፈሩ ካለው ሐኪም ዘንድ ሲሆን፣ የቤተሰብ ሐኪም የሚባለው ይህ ባለሙያ ሕፃኑንም አዛውንቱንም ለዓመታት እየተከታተለ ያክማል። ይሁን እንጂ ከጠዋት እስከ ማታ የተሰለፈውን ሕዝብ ሲመረምር የሚውል ሐኪም፣ ያልመጣውን ሕመምተኛ የሚያስብበት ጊዜ ከወዴት ያገኛል? የስኳር ሕመም ይዞት ሳለ ምርመራውን የተወው ማን ነው? ከሆስፒታል ወጥቶ መድኃኒቱን ያቋረጠውስ? ይህ በአንድ ግለሰብ ትጋት ብቻ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም፤ የመደራጀት ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ በተግባር መልስ ሲፈልጉ ከኖሩት አገሮች አንዷ አውስትራሊያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 የሐኪሞች የአካባቢ ማኅበራት በመንግሥት ገንዘብ መቋቋም ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከ2011 አንሥቶ 61 አዳዲስ ድርጅቶች ተተኩ። እነዚህም ፈርሰው እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2015 ጀምሮ 31 የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ኔትዎርኮች ሥራቸውን ጀመሩ።

የእነዚህ ድርጅቶች ዋና ተግባር ሐኪሙን መተካት ሳይሆን ማገዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የማበረታቻ ሥርዓት መሠረት ክሊኒኮች የሕመምተኛው ስምና መለያ የተነሣበትን መረጃ በየሦስት ወሩ ለአካባቢያቸው ድርጅት እንዲያካፍሉ ተደረገ። ሥርዓቱ ሲጀመር መለኪያዎቹ 10 ነበሩ። ከስኳር ሕመምተኞች የደም ስኳር ምርመራ ያደረጉት ስንቶቹ ናቸው? 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የወሰዱትስ? ድርጅቱ አኃዙን አደራጅቶ ሲመልስለት ክሊኒኩ ጉድለቱን ያያል፤ ነርሷም ከክሊኒኩ መዝገብ የቀሩትን ለይታ ትጠራለች።

ከዚህም ሌላ የቤተሰብ ሐኪሙና የሆስፒታሉ ስፔሻሊስት ተቀምጠው፣ የትኛው ሕመምተኛ መቼ ወደየት እንደሚላክ የሚስማሙበት መመሪያ አለ። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2008 በኒውዚላንድ ካንተርበሪ አውራጃ ተጀምሮ ወደ ብዙ የአውስትራሊያ አካባቢዎች ተዛምቷል። አገልግሎት በጎደለበት ሥፍራም፣ ለምሳሌ በአእምሮ ጤና ረገድ፣ ድርጅቱ ባለሙያ ተዋውሎ ክፍተቱን ይሞላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ይሁንና ሁለት አደጋዎች በቸልታ ሊታለፉ አይገባም። አንደኛው ደጋፊው ወደ ተቆጣጣሪነት የተለወጠ እንደሆነ ነው። ሐኪሙ ሕመምተኛውን ትቶ ቅጽ ሲሞላ የሚውል ከሆነ፣ ድርጅቱ ለማቃለል የመጣውን ሸክም ራሱ ይሆናል። ሁለተኛው በ23 ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ እንደታየው ቅርጽን ደጋግሞ መለዋወጥ ነው። ወደ ክሊኒኩ ሲመላለስ የሐኪሙን እምነት ያተረፈ ሠራተኛ በአንድ ውሳኔ ሲነሣ፣ የአካባቢው እውቀት አብሮት ይሄዳል። የቢሮው ስም በአንድ ቀን ይለወጣል፤ መተማመን ግን በአንድ ቀን አይገነባም።

ስለሆነም የእንዲህ ዓይነት ድርጅት መለኪያ የሪፖርቱ ብዛት ሳይሆን የሕመምተኛው መሻል መሆን አለበት እንላለን። ይህንንም ከማንም በላይ የሚመሰክረው ነዋሪው ነው። በአውስትራሊያ በየኔትዎርኩ ከሐኪሞች ምክር ቤት ጎን የኅብረተሰብ አማካሪ ኮሚቴ እንዲኖር መደረጉ ተገቢ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀምሯል። ሐኪሙን ማሠልጠን የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ሠልጥኖ በሚመደብበት ሥፍራ መረጃ የሚያደራጅለት፣ ከሆስፒታሉ የሚያገናኘው፣ ጉድለቱን በወዳጅነት የሚያሳየው ከሌለ እውቀቱ በወረፋ ብዛት ይዋጣል። የሠፈር ማኅበራትና ሠራተኞች ስለ ጤና ሲመክሩ፣ ሐኪም አለን ወይ ብለው ብቻ ሳይሆን፣ ከሐኪሙ ጀርባ ማን ቆሟል ብለውም ሊጠይቁ ይገባል።