መጋረጃው ለምን አይሳብም?



መጋረጃ የምንገዛው ጨርቁን በእጃችን ዳስሰን፣ ቀለሙን ከምንጣፉ ጋር አስተያይተን፣ በዋጋውም ተከራክረን ነው። የሚሰቀልበት ዘንግና ቀለበት ግን የሚታሰበው ጨርቁ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ አልቋል። ስለዚህ ሁለት ምስማር ይመታና ሲባጎ ወይም ሽቦ ተወጥሮ ጉዳዩ ተፈጸመ ይባላል። እዚህ ጎንደር፣ በቀሐ ወንዝ ዳር ባሉት ሰፈሮችና በአዲስ ዓለም፣ በገባሁባቸው ብዙ ቤቶች ያየሁት ይህንኑ ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መጋረጃው በቀላሉ የማይሳብ ከሆነ ቤተሰቡ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ቀኑን ሙሉ ዘግቶ ይተወዋል፣ ወይ ገልጦ ይቋጥረዋል። የተዘጋው ቤት ብርሃንና ነፋስ አያገኝም። የሳንባ ነቀርሳ በሽታ አየር በማይዘዋወርበትና ብዙ ሰው በሚያድርበት ክፍል በቀላሉ እንደሚተላለፍ የጤና ባለሙያዎች የሚነግሩን ነው። የተቋጠረው መጋረጃ ደግሞ የቤቱን ሴቶች በገዛ ቤታቸው ያሳቅቃል። አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት ትከሻቸውን ስለሚያማቸው እጃቸው ከደረታቸው በላይ አይነሣም፤ የልጅ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ ድረስ በጨለማ ይቀመጣሉ። «ምነው እማማ፣ መጋረጃውን አይገልጡትም?» ብላቸው «ልጄ፣ ይህ ጨርቅ ከእኔ ይበረታል» አሉኝ።

በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት የሚኖር ቤተሰብ ዘንድ ነገሩ ይብሳል። አልጋውን ከሳሎኑ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። በሱረቱ አን-ኑር ልጆች እንኳ ሳይቀሩ ፈቃድ እንዲጠይቁባቸው የታዘዙባቸው ሦስት ጊዜያት አሉ፦ ከፈጅር ሶላት በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ሰዓትና ከዒሻ በኋላ። በር የሌለው ክፍል ይህን አደብ የሚጠብቀው በመጋረጃ ነው። መጋረጃው መንገድ ላይ እየተያዘ በግማሹ የሚቆም ከሆነ ወላጅም ልጅም ይቸገራሉ። (ሥዕል ስላለባቸው መጋረጃዎች የሚነሣው ጥያቄ የፊቅህ አምድ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።)

እንግዲህ ወደ ምክንያቱ እንሂድ። ዋናው ጠላት ርግበት ነው። ሽቦ ወይም ሲባጎ የቱንም ያህል ቢወጠር ክብደት ሲሸከም መሐሉ ላይ ይረግባል። ቀለበቶቹ ወደ ረገበው ቦታ ተንሸራተው ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ስንስባቸው ዳገት ነው የምናስወጣቸው። «በደንብ ይወጠር» የሚል መፍትሔ ደግሞ ምስማሩን ይነቅላል። ስሌቱን ተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርተውታል። ሁለት ሜትር ስፋት ላለው መስኮት በእጥፍ የተሰፋ ወፍራም መጋረጃ 3 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ተዘርግቶ ሳለ የሽቦው መሐል 5 ሳንቲ ሜትር ቢረግብ፣ ሽቦው እያንዳንዱን ምስማር የሚስበው 15 ኪሎ በሚሆን ኃይል ነው። ርግበቱ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲሆን ብንወጥረው ኃይሉ ከ37 ኪሎ ይበልጣል። ይኸው መጋረጃ በጠንካራ ዘንግ ላይ ቢሰቀል ግን እያንዳንዱ ጫፍ የሚሸከመው አንድ ኪሎ ተኩል ነው፤ እሱም ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን አይስብም። በፕላስቲክ የተሸፈነው የስፕሪንግ ሽቦ ለስስ መጋረጃና ለጠባብ መስኮት ይበቃል፤ ለወፍራሙ አይሆንም።

ዘንጉም ቢሆን ቀጭን ከሆነ ይጎብጣል። ስፋቱ ከሜትር ተኩል ካለፈ መሐሉ ላይ ሦስተኛ ደጋፊ ያስፈልገዋል። ሙሉ ክብ የሆነ ቀለበት ግን ያንን ደጋፊ አያልፍም። ስለዚህ ወይ መጋረጃውን ከሁለት ከፍሎ እያንዳንዱን በየወገኑ ማስኬድ፣ ወይም አፉ ክፍት የሆነ ቀለበት መግዛት ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ የሚረዝመው ዘንግም መጋጠሚያው ላይ ደረጃ ስላለው ቀለበቱ እዚያ ይያዛል፤ መጋጠሚያውን መሐል ላይ አድርጎ ሁለት መጋረጃ መስቀል ይሻላል።

በቀለበት ነገር ሰው የሚሳሳተው ልክ የሆነውን በመምረጥ ነው። ልክ የሆነ ቀለበት ከታች ሲጎተት ያዘነብልና ዘንጉን ይነክሰዋል። ቀለበቱ ከዘንጉ ውፍረት ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር ሰፋ ማለት አለበት። በየ10 ወይም 12 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ቀለበት ይበቃል። ጨርቁን ከታች ይዞ መጎተትም ቀለበቱን ያዘነብለዋል። ለእማማ የተደረገላቸው መላ ይኸው ነበር፤ በመጀመሪያው ቀለበት ላይ ቀላል የቀርከሃ በትር ታሰረና እስከ ወገባቸው ድረስ ወረደ። በትሩን ይዘው ወደ ጎን ሲገፉት ኃይሉ በቀጥታ ላይኛው ቀለበት ላይ ያርፋል፤ እጃቸውን ማንሣት አያስፈልጋቸውም።

ጎንደር ለመጋረጃ ባዕድ አይደለችም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ18ኛው መቶ ዓመት በዚሁ በጎንደር ዘመን ከሐር የተሠራ፣ ቁመቱ ከአምስት ሜትር የሚበልጥ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስዶ ዛሬ ለንደን በብሪትሽ ሙዚየም ይገኛል። እንዲያ ያለ ጨርቅ በሲባጎ እንደማይሰቀል የታወቀ ነው። የአዲስ ዓለም ሙስሊሞችም በሽመናና በንግድ የታወቁ ናቸው፤ ጨርቁን አክብረን ዘንጉን የመናቃችን ነገር ለዚህ ነው የሚገርመኝ።

ግድግዳው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አንድ የሰፈራችን አናጢ «ኡስታዝ፣ በጭቃ ቤት ልስኑን አትመን፣ እንጨቱን ፈልገው» ይለኛል፤ እውነቱን ነው። ግድግዳውን በጣት ስናንኳኳ ድምፁ የሚደፈነው ቋሚው ያለበት ቦታ ነው። ከቋሚ ወደ ቋሚ አንድ ጣውላ በረጅም ምስማር መምታትና ዘንጉን በጣውላው ላይ ማሰር ለብዙ ዓመት ያገለግላል። በጭቃ በተገነባ የድንጋይ ቤት ከመስኮቱ በላይ ያለው ጉበን እንጨት ከሆነ እሱ ላይ ነው የሚታሰረው። በብሎኬት ቤት በድሪል በስቶ ፊሸር መክተት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ከመስኮቱ በላይ ያለው ኮንክሪት ይመረጣል። ከኮርኒስ ላይ ማንጠልጠል አይሞከር። ቢቻል ዘንጉ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ፤ መጋረጃው ሲገለጥ መስታወቱን ሳይሸፍን እዚያ ይሰበሰባል።

ሐዲድና ትንንሽ ጎማ ያለው ዘመናዊው ዓይነት ከሁሉም በላይ በቀላሉ ይሄዳል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ አቧራ ሲገባበትም ጎማው መሽከርከሩን ትቶ ይጎተታል። በበጋ አቧራ በሚበዛበት ሰፈር በየወሩ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ።

የውኃ ቧንቧ ቆርጠው ዘንግ ያደረጉ ብዙ ናቸው፤ ጥሩ ነው፣ አይጎብጥም። ችግሩ ዝገትና ቀለም ነው። ቀለም የተቀባ ዘንግ ቀለበቱን ይይዛል። በየብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ በደረቅ ጨርቅ ከወለወሉ በኋላ ሻማ ማሸት ይበቃል፤ ሻማ ከሌለ ደረቅ ሳሙናም ይሠራል። የወጥ ዘይት የሚቀቡ አሉ። ዘይቱ ለሳምንት ያንሸራትትና ከዚያ አቧራ ሰብስቦ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ጨርቁንም ያበላሻል።

ይህን ሁሉ ለመሥራት የሚመቸው መጋረጃው ለዒድ ታጥቦ እስኪደርቅ ዘንጉ ባዶ በሚሆንበት ቀን ነው። ጨርቁ ከመታጠቡ በፊት ቀለበቶቹ ተቆጥረው በአንድ ክር ይታሰሩ፤ ሁለት ሦስት መጠባበቂያም አብሮ ይገዛ፣ ከዓመት በኋላ ያንኑ ልክ ቅዳሜ ገበያ ሄዶ ማግኘት ያስቸግራልና።